የአባቴ የሐይቅ ቤት

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን ያሉ ወጣቶች ለበዓሉ ዕረፍት ወደ ሐይቅ ለመሄድ ሲመካከሩ ሰማኋቸው። ስልካቸው ላይ ተደፍተው የማረፊያ ቤቶችን ፎቶ ያያሉ፣ ማን የት በልቶ ምን እንዳለ ያነባሉ። አንዷ ቀና አለችና፣ «እትዬ የሺ፣ እርስዎ የወሎ ሰው አይደሉ እንዴ? ሐይቅ ላይ ጥሩ ምግብ የት ይገኛል?» ብላ ጠየቀችኝ።

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ አልነበረም። «ውሃው ዳር ሂዱና ዓሣ ብሉ» ብያት ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ከሥራ ወጥቼ ወደ ቤት ስሄድ ግን ታክሲው ውስጥ ሆኜ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩበትን ዓመት ሳስብ መውረጃዬን አለፍኩት።

አባቴ ተሰማ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ቤታችን ደሴ ነው። እሱ ከደሴ ወደ ውጫሌ፣ ወደ ወልድያ፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ ይጭናል። ቁመተ ረጅም፣ ቃሉ ቁጥብ፣ እጆቹ ሰፋፊ። ቤት ሲገባ ከመደቡ ላይ ይቀመጣል፤ እኔ ውሃ አቀርባለሁ፣ እናቴ ምግብ ታቀርባለች፣ እሱ «ተመስገን» ብሎ ይበላል። ከጓዳችን ደፍ አልፎ ሲገባ አይቼው አላውቅም። የዚያን ጊዜ የሰፈራችን ወንዶች ሁሉ እንዲያ ስለነበሩ ማንም ነገሬ አይለውም።

ነገሬ ያልነው ሌላ ነገር ነበር። አባቴ ከሰሜን ሲመለስ ሐይቅ ያድራል። ሐይቅ ደሴ አፍንጫ ሥር ያለች ከተማ ናት፤ የተጫነ መኪና እያዘገመም ቢመጣ ለእራት ይደርሳል። እሱ ግን አንዴ ጎማው፣ አንዴ ፍሬኑ፣ አንዴ ዝናቡ ሆነና ሐይቅ ላይ ማደር ልማዱ ሆነ። እናቴ ጥሩወርቅ መጀመሪያ አመነችው። በኋላ አንዲት ጎረቤት መጥታ፣ «ተሰማ ውሃው ዳር ካለ የአንዲት እስላም ሴት ቤት ሲገባ ታይቷል» አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ መጠየቅ ተወች። የእናቴ ዝምታ ደግሞ ከጭቅጭቋ የባሰ ነበር። ሸሚዙን ከማጠቧ በፊት አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ስታሸት አየኋት። «የሌላ ቤት ጭስ» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም።

መስቀል አልፎ፣ እኔ የፈተና ውጤት ስጠብቅ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ አባቴ ዱቄት ጭኖ ወደ ውጫሌ ሊሄድ ሆነ። እናቴ በቁርስ ላይ ድንገት፣ «ልጅቷ ክረምቱን ሙሉ ከቤት አልወጣችም። ይዘሃት ሂድ፣ አገር ትይ» አለችው።

አባቴ ጉርሻውን ይዞ ቆየ። «ጋቢና ውስጥ ትደክማለች» አለ።

«ወጣት ናት፣ ምን ያደክማታል?»

እሱ ሌላ ምክንያት አላገኘም። መኪናውን ሊያሞቅ ሲወጣ እናቴ ነጠላዬን እያስተካከለች፣ «ዓይንሽን ክፈቺ። ያየሽውን ለእኔ ብቻ» አለችኝ። እንግዲህ በሕይወቴ የመጀመሪያውን የዕረፍት ጉዞ የጀመርኩት እንደ ሰላይ ነበር።

የመስከረም መጨረሻ የወሎ መንገድ ግን ሰላይነትን ያስረሳል። ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ታጥቧል። ማሽላው ራስ አውጥቷል፣ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፣ ዳገቱ ሁሉ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ጋቢናው የናፍጣና የዱቄት ጆንያ ሽታ ነበረው። አባቴ ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ሲወርድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአምባሰል ቅኝት ያንጎራጉራል፤ ቤት ውስጥ ሲያንጎራጉር ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሐይቅ ከተማ ስንደርስ ሳይቆም ፍጥነቱን ብቻ ቀንሶ፣ ወደ ውሃው የሚወስደው መንገድ አጠገብ ጡሩምባውን አጠር አድርጎ ነፋ።

«ለማን ነው?» አልኩት።

«ለልማድ ነው» አለ፤ ጆሮው ግን ቀላ። እኔም በልቤ ያዝኩት።

ውጫሌ ዱቄቱ ሲራገፍ አባቴ ምሳ ይዞኝ የሄደው ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ከሌለው፣ መጋረጃ ብቻ ከተንጠለጠለበት ቤት ነው። ባለቤቷን እትዬ አበራሽ ይሏታል። ትኩስ ዳቦ ቆርሳ ከአምባሰል ማር ጋር አቀረበችልን። ማሩ ጠጣርና ነጭ ነበር፤ ሲቀልጥ ምላስ ላይ የአበባ ምሬት ይተዋል። ከዚያ ሽሮው መጣ። አባቴ አንዴ ጎርሶ ቆም አለ።

«ዛሬ ሽንኩርቱን ቸኩለሽበታል» አላት።

እሷ ወገቧን ይዛ ሳቀች። «ያንተስ ነገር! ሹፌር ነህ አማት?»

እኔ በዚያ ጊዜ ምግቡን ሳይሆን ሴትዮዋን ነበር የምመረምረው። አክስቱ ልትሆን የምትችል አሮጊት ናት። «እሷ አይደለችም» ብዬ ተውኳት።

የሚጫን ማሽላ እስኪዘጋጅ ውጫሌ ቆየን። የገበያው ቀን ነበርና አባቴ ይዞኝ ዞረ። ሌሎች ሹፌሮች ጥላ ሥር ጋደም ብለው ሲያወሩ፣ እሱ ነጭ ሽንኩርት በእጁ እየመዘነ፣ ሎሚ እየተጫነ፣ ቃሪያ ሰብሮ እያሸተተ ከመደብ መደብ ይሄዳል። ትኩስ በሶብላና አረንጓዴ ቃሪያ ገዝቶ በጋዜጣ ጠቅልሎ ከወንበሩ ሥር ሸጎጠው።

«ለማን ነው አባባ?»

«ለሰው» አለ።

ለሰው! ለእናቴ ከመንገድ ብዙ ነገር አምጥቶላት ያውቃል፤ ሻሽ፣ ሳሙና፣ ስኳር። በሶብላ አምጥቶ ግን አያውቅም።

ስንመለስ ሐይቅ ላይ መኪናውን አቆመና ራሱ፣ «አገር እይ ተብለሽ የለ? ነይ አርዲቦ ሐይቅን ላሳይሽ» አለኝ። ዳገቱን በእግር ወጣን። አርዲቦ ከታች ካለው ሐይቅ ታንሳለች፣ ዙሪያዋን እርሻ ነው፣ ነፋሷ ይቀዘቅዛል። አንድ የሚያውቀው ገበሬ ጋሽ ይማም ከእርሻው መሐል ጠርቶን አጥሩ ሥር አስቀመጠን። ሚስቱ እሸት በቆሎ በከሰል ጠብሳ፣ በቅል እርጎ አመጣችልን። እርጎው በወይራ ከታጠነ ቅል ስለወጣ ጢስ ጢስ ይላል። በቆሎው ጥርስ ላይ ሲፈነዳ ወተት ይወጣዋል። ከዚያ ወዲህ ነጭ ጨርቅ በለበሱ ጠረጴዛዎች ብዙ በልቻለሁ፤ ያንን የሚያህል ግን አላስታውስም።

«ተሰማ እንዳንተ ያለ እንግዳ ደስ ይለኛል» አለች የጋሽ ይማም ሚስት። «ሌላው በልቶ ይሄዳል። አንተ እኮ እንዴት እንዳጠንኩት ትጠይቀኛለህ።»

አባቴ ከልቡ ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ መቼ እንዳየሁት ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ሣሩ ላይ ተጋድሞ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ውሃው ላይ የሚያርፉትን ወፎች እያየ ስለ ልጅነቱ ጥቂት አወራኝ። ለተወሰነ ሰዓት የመጣሁበትን ረሳሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሐይቅ ከተማ ወረድንና አልጋ ቤት ያዘልኝ። «አንቺ ጋደም በይ። መጣሁ» አለኝ። በመስኮት ሳይ ከጋቢናው በጋዜጣ የተጠቀለለውን አውጥቶ፣ ሸሚዙን አስተካክሎ፣ ወደ ውሃው በሚወስደው መንገድ ሄደ። አካሄዱ የደከመው ሰው አካሄድ አልነበረም። ጫማዬን አጥልቄ ተከተልኩት።

መንገዱ በአትክልት መሐል አልፎ ውሃው ዳር ካለ ትልቅ ዋርካ ሥር ይወጣል። ዋርካው ሥር አግዳሚዎች ተደርድረው ሰዎች ዓሣ ይበላሉ። ከጀርባው በጭቃ የተመረገ ቤት አለ። አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው፤ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌና ማተብ ያሰረ ጎልማሳ ከአንድ ትሪ ይበላሉ። በእኛ አገር ክርስቲያንና እስላም ቡናውንም፣ ሐዘኑንም፣ ሠርጉንም አብሮ ነው፤ ሥጋ ሲቀርብ ግን እያንዳንዱ ወደ ባረከው ቢላዋ ይለያል። ዓሣ ይህ የለበትም። ከውሃ የወጣው ለሁሉም ነው። እዚያ ዋርካ ሥር ማንም ማንንም «የማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም።

አንዲት ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረች፣ ሞላ ያለች ሴት ትሪ ይዛ ስትወጣ አየችኝና ቆመች። «የተሰማ ልጅ ነሽ» አለች፤ ጥያቄም አልነበረም። «ማሻአላህ! ግንባርሽ ላይ ተጽፏል። እኔ ዘሃራ ነኝ።»

እንግዲህ ይቺ ናት። መልከ መልካም ናት፣ ሳቋም ያምራል። «አባቴ የት ነው?» አልኩ፤ ሰላም እንኳ አላልኳትም።

«ጓዳ ነው» አለች ሳታፍር። «ግቢ፣ ምን ያስቆምሻል?»

ገባሁ። ልናገር ያሰብኩት ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ጓዳው ውስጥ አባቴ ወገቡ ላይ ሽርጥ አገልድሞ፣ እጅጌውን እስከ ክንዱ ሰብስቦ፣ በግራ እጁ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጭራውን ይዞ በቢላዋ ጎኑን ይተለትላል። አጠገቡ በሶብላው፣ ቃሪያውና ነጭ ሽንኩርቱ ተወቅጦ አረንጓዴ ሆኗል። ዓሣውን በሎሚና በጨው አሸ፣ ዱቄት አለበሰ፣ ዘይቱን በሽንኩርት ቅጠል ሞከረ፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ አስገባው። ዘይቱ ሲጮህ ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም። የተረጋጋ፣ የራሱ ቦታ ላይ ያለ ሰው ፊት ነበር።

ዞር ሲል አየኝ። እጁ ላይ ያለው ማንኪያ ወደቀ።

«የሺ» አለ። የተያዘ ሌባ እንኳ እንዲያ አይደነግጥም። «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት።»

«ምኑን ነው የማልነግራት?» አልኩ። እውነቴን ነው፣ ምን እንዳየሁ አልገባኝም ነበር።

«ይሄንን» አለና ሽርጡን አሳየኝ።

ያኔ ነው እትዬ ዘሃራ ከኋላዬ መጥታ የነገረችኝ። ባሏ በሞተ ዓመት እጇን እሳት አቃጥሏት ቤቷን ልትዘጋ ነበር። አባቴ ደግሞ መኪናው ተበላሽቶበት ሐይቅ ላይ ተቀምጦ ነበርና፣ «እስቲ ልሞክር» ብሎ ጓዳ ገባ። «ወላሂ፣ በማግሥቱ ሰው 'ትናንት የበላነውን ስጪን' ብሎ መጣ» አለች። እጇ ከዳነ በኋላም በመጣ ቁጥር ገብቶ ይጠብሳል፤ ደንበኞቹ ግን እሷ የሠራችው ይመስላቸዋል። ማንም እንዳያየው የሚለምናት እሱ ራሱ ነው።

ዋርካው ሥር ተቀምጬ የአባቴን ዓሣ በላሁ። ቆዳው ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ እንደ ወተት ነጭ ነው፣ ያ አረንጓዴ ማባያ መጀመሪያ ያቃጥልና ከዚያ በሶብላው ቀዝቀዝ አድርጎ ይመጣል። አባቴ እጁን ታጥቦ፣ ሹፌር ሆኖ፣ ከጎኔ ተቀመጠ።

«እናቴ ሴት ልጅ አልነበራትም» አለኝ ውሃውን እያየ። «ታማሚ ነበረች። ከምድጃው ሥር ያደግሁት እኔ ነኝ። የመንደሩ ልጆች ስም አወጡልኝ። ትልቅ ሰው ስሆን እንዲያ የሚጠራኝ እንዳይኖር ብዬ ተውኩት። ቤቴ ውስጥ ጓዳ ስገባ ያ ስም የሚጠብቀኝ ይመስለኛል።»

ስሙን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ቤት ስንደርስ እናቴ ምግብ እስክናነሳ ታግሣ፣ አባቴ ሲወጣ አጠገቤ ተቀመጠች። «እሺ?» አለች። ሌላ ሴት የለም ብላት አታምነኝም፤ እውነቱን ብነግራት የእሱን አደራ እበላለሁ። «እማዬ፣ አንቺው ሄደሽ እይው» አልኳት። ፊቷ ሲገረጣ አየሁ። የፈራችውን እንዳረጋገጥኩላት ነው የተረዳችው።

በኅዳር፣ አባቴ ወደ ሰሜን እንደ ሄደና በዚያ ቀን እንደሚመለስ ስታውቅ፣ እናቴ የበዓል ቀሚሷን ለበሰች። ለጠብ የምትሄድ ሴት ለምን እንዳማረባት ያኔ ገርሞኝ ነበር። አውቶቡስ ይዘን ሐይቅ ወረድንና ዋርካው ሥር ተቀመጥን። እትዬ ዘሃራ ማን መሆኗን ወዲያው አውቃ ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻት። እናቴ ከእግር እስከ ራሷ እያየቻት በደረቁ መለሰች። ዓሣው መጣ። እናቴ አንድ ጊዜ ጎረሰች፣ ሁለተኛ ጎረሰች፣ ከዚያ ሳትፈልግ፣ «እጅሽ ይባረክ» አለች።

«ነይ እህቴ» አለች ዘሃራ እጇን ይዛ። «ምርቃቱን ለባለቤቱ ስጪው።»

እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። እናቴ ጓዳው በር ላይ ቆመች። አባቴ በሽርጡ፣ በጭሱ መሐል፣ እንደ ደረቀ ግንድ ቀረ። እናቴ ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ሌላ ሴት ብትይዝ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር» አለችው። «ይሄንን ምን ልበለው? እኔ ወልጄ ስተኛ፣ ታምሜ ስወድቅ፣ ጎረቤት ናት ሽሮ ይዛ የምትመጣው። አንተ ይሄንን እያወቅህ፣ ይሄ እጅ እያለህ፣ በር ላይ ቆመህ ታየኝ ነበር!»

«አፍሬ ነው» አለ አባቴ።

«ከእኔ?»

«ከሰው። ካንቺም።»

«ከባዕድ ያላፈርከውን?»

እናቴ ወጥታ ውሃው ጫፍ ድረስ ሄደችና ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። ልከተላት ስል ዘሃራ ያዘችኝ። «ተያት፣ አብሽሪ» አለችኝ። ታንኳዎቹ ከመሐል እየተመለሱ ነበር፤ ዓሣ አጥማጆቹ ሲጠራሩ ይሰማል። አባቴ ከጓዳው በር አልወጣም። ትዳራቸው እዚያ ውሃ ዳር የሚያበቃ መሰለኝ።

እናቴ ስትመለስ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ነበር። በቀጥታ ጓዳ ገባች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ አንድ ቢላዋ አነሳች።

«አሳየኝ» አለችው። «ከዚያ ደግሞ ቤት ትሠራዋለህ።»

«ጎረቤትስ?»

«በሩን እዘጋዋለሁ።»

እንዲህም ሆነ። አባቴ ሐይቅ ማደር ተወ፤ ዓሣውን ብቻ እየገዛ ለእራት ይደርሳል። እሁድ እሁድ እናቴ የግቢውን በር ትቀረቅርና እሱ ጓዳ ይገባል። ሲጣሉ እሰማ ነበር፤ ስለ ጨው፣ ስለ እሳት። ሲስቁም እሰማ ነበር፤ ይሄኛው በቤታችን አዲስ ነው። እናቴ ከተረፈው ለጎረቤት ትልካለችና በሰፈራችን የጥሩወርቅ ዓሣ ስሙ ገነነ። ልጃገረዶች ሙያ እንድታስተምራቸው ይመጡ ነበር፤ እሷ ደግሞ አባቴ የነገራትን እያስታወሰች፣ እንደ ባለሙያ አፏን ሞልታ ታስተምራቸዋለች። እሱ መደቡ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ እያነበበ ከንፈሩን ይነክሳል።

አባቴ ከሞተ ቆይቷል። የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ጎረቤቶች እናቴን ሲያጽናኑ አንዷ፣ «እትዬ ጥሩወርቅ፣ እሱስ ያንቺን ዓሣ እየበላ ኖሮ ደስ ብሎት ነው የሄደው» አለቻት። እናቴ ከፍራሹ ላይ ቀና አለች። ሹፌሮቹ አሉ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች አሉ፣ እትዬ ዘሃራም ከሐይቅ መጥታ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣለች።

«እኔ ዓሣ ሠርቼላችሁ አላውቅም» አለች እናቴ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «እናንተን ሲያበላ የኖረው ተሰማ ነው። በገዛ እጁ።»

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ሹፌር፣ «ሐይቅ ላይ የበላነውም?» አለ። ዘሃራ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ሰውየው ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ፣ ይሳቅ ያልቅስ ሳይታወቅ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከዚያ በኋላ በዚያ ድንኳን ውስጥ ስለ አባቴ የተወራው ሁሉ ስለ ምግብ ነበር፤ ማንም ስም አላወጣለትም።

ዛሬ እናቴ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ዘሃራ አርፋለች፣ ቤቷም ፈርሶ በቦታው ሌላ ተሠርቷል። ሰው በጣም ከሚወዳቸው ሰዎች ፊት ለምን ይበልጥ እንደሚደበቅ ብዙ ጊዜ አስባለሁ፤ የማያውቀን ሰው ቢስቅብን ይረሳል፣ የቤታችን ሰው ግን ሳቁን ይዞ አብሮን ያድራል ብለን ስለምንሰጋ ይመስለኛል። አባቴ በዚህ ስጋት ግማሽ ትዳሩን ጨረሰ። የቀረውን ግማሽ ግን በደንብ ኖረው።

ባለፈው ዓመት እናቴን ሐይቅ ወሰድኳት። ዓይኗ ደክሟል፤ ውሃውን የምታየው ብርሃን ብቻ ሆኖ ነው። ጉልበቴ ላይ እጇን አሳረፈችና፣

«ስንት ምሳ አመለጠኝ» አለች።